አማችና ሽፍታ፦ በላስታና በአጎራባቹ አገር የጋብቻና የአመፅ ታሪክ

በአማርኛችን «ሌባ»፥ «ቀማኛ»፥ «ወንበዴ»ና «ሽፍታ» የሚሉት ቃላት ጎረቤታሞች ይሁኑ እንጂ አንድ አይደሉም። ሌባ ተደብቆ ይወስዳል፤ ቀማኛ ፊት ለፊት ይነጥቃል፤ «ወንበዴ» የሚለውን ስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚለጥፈው ሥልጣን የያዘው ወገን ነው። ሽፍታ ግን ከሦስቱም የሚለይበት ጠባይ አለው። ሌባ ሲባል ምን ሰረቀ ተብሎ ይጠየቃል፤ ሽፍታ ሲባል ግን በማን ላይ ሸፈተ፥ ስለ ምን ሸፈተ ተብሎ ይጠየቃል። የነጋዴ ጓዝ የሚዘርፈውም፥ በርስት ክርክር ተበድያለሁ ብሎ ዱር የገባውም፥ አባቱ የተገደለበት መስፍንም፥ ዘውድ የሚመኘውም ሁሉ በዚህ በአንድ ቃል ይጠራሉ። የቃሉ ስፋት የታሪካችንን አንድ ባሕርይ ያሳያል። ሕግ አስከባሪውና ሕግ አፍራሹ በየዘመኑ ቦታ ይለዋወጡ ስለነበር፥ ቋንቋው በመካከላቸው ጠንካራ አጥር ሊያቆም አልቻለም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከዚህ ሰፊ ጉዳይ አንዱን ወገን ብቻ ነው፤ ይኸውም አሳዳጅና ተሳዳጅ በጋብቻና በሥጋ ዝምድና የሚተሳሰሩበትን ሁኔታ ነው። መነሻችን ላስታ ይሆናል፤ ታሪኩ ግን ወደ የጁ፥ ወደ ዋግ፥ ወደ በጌምድርና ወደ ትግራይ መሻገሩ አይቀርም፤ ሰዎቹም ተሻግረው ተጋብተዋልና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የላስታን መልክ ያየ ሰው ሽፍትነትን ያኖረው መሬቱ ይመስለዋል። ከላሊበላ ከተማ በላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከባሕር ወለል ከ4,200 ሜትር በላይ ይቆማል። ተከዜ ከእነዚሁ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ ገደሉን እየሰነጠቀ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ጠላት የሚገባበት በር አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሆነ አምባ በየአቅጣጫው ይታያል። እንዲህ ባለ አገር ጥቂት ነፍጠኛ ብዙ ጦር ሊያቆም መቻሉ ግልጽ ነው። ነገር ግን አምባ እህል አያበቅልም፤ ገደል ጥይትና ጨው አይሰጥም፤ ዋሻ «ዛሬ ጦር ወጥቷል፥ በዚህ በኩል አትምጣ» ብሎ አያስጠነቅቅም። ሽፍታን ገደሉ ይሸሽገው ይሆናል፤ ያኖረው ግን ዘመዱና አማቹ ነው።

የአማችነቱ ስፋት በአገሩ የጋብቻ ሥርዓት የተወሰነ ነበር። በደጋው ክርስቲያን ገበሬ ልማድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና የሚቆጠርባቸው ሰዎች አይጋቡም። የአንድ ደብር ሰዎች አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው የተዋለዱ ስለሆኑ፥ ልጅ ለመዳርም ሆነ ሚስት ለማጨት ሸለቆ መሻገር ግድ ይሆናል። አንዱ ቤተሰብ በሦስት ትውልድ ውስጥ በወዲያኛውም፥ በወዲህኛውም፥ ከወንዙ ማዶም አማች ያበጃል ማለት ነው። በዚህ ላይ የክርስትና አባትነትና የአበልጅነት ትስስር ይጨመራል፤ የክርስትና ዝምድናም እንደ ሥጋ ዝምድና የሚከበርና የሚፈራ ነው። ደም የተቃቡ ወገኖች በሽማግሌ ሲታረቁም ብዙ ጊዜ ልጅ ለልጅ አጋብተው ደሙን ያደርቁ ነበር። እንግዲህ ሰው ገድሎ ወይም ከሹም ተጣልቶ ዱር ቤቴ ያለ ጎልማሳ፥ በየሸንተረሩ ማዶ በሩን የሚከፍትለት ቤት ቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። ይህን መረብ የዘረጋው ራሱ ሕጋዊውና ሃይማኖታዊው ሥርዓት ነበር።

ያው መረብ ደግሞ አሳዳጁንም ይዞታል። በመንደር ደረጃ የመንግሥት ዓይንና እጅ የነበረው ጭቃ ሹሙ ከሌላ አገር የመጣ ሰው አይደለም፤ መሬት የሚያርስ፥ ልጅ የሚድር፥ ማኅበር የሚጠጣ የሰፈሩ ሰው ነው። ሌብነት ወይም ነፍስ ግድያ ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር አፈርሳታ፥ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ፥ ይጠራል። የአካባቢው ወንድ ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፥ ሥራው ተፈትቶ፥ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ይቆያል፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ዘመዱን በአደባባይ ከሚያጋልጥ ይልቅ ዝምታን የሚመርጥ ሕዝብ መኖሩን ዳኞቹ ያውቁ ነበርና፥ ስማቸው ሳይገለጥ የሚናገሩ ሰዎች ይመረጡ ነበር፤ እነዚህም «ወፍ» ይባሉ ነበር። ይህ ሥርዓት የተሠራው በአገሩ የዝምድናን ኃይል በሚገባ ባወቁ ሰዎች ነው። ሰውን ከዘመዱ ለጥቂት ጊዜ ለይቶ፥ ስሙንም ደብቆ፥ እውነቱን እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል። ሁልጊዜ ይሳካ ነበር ማለቴ አይደለም። የእርሻ ወራት እያለፈበት ሜዳ ላይ የሚቀመጠው ገበሬ ነበርና፥ ከተጠረጠረው ይልቅ የተበደለው ቶሎ የሚሰለችበት ጊዜም ይኖራል።

ዘመናዊው ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተቋቋመ በኋላም በገጠሩ የጸጥታው ሸክም ለብዙ ዓመታት የወደቀው በነጭ ለባሹ ላይ ነበር። ስሙ እንደሚያመለክተው ነጭ ለባሽ ካኪ የለበሰ ወታደር ሳይሆን ጋቢውን ተከናንቦ የራሱን ጠመንጃ ያነገተ የአገር ሰው ነው። ሽፍታውን መንገድ ለመንገድ ሊከተለው የሚችለውም እሱ ብቻ ነበር፤ መንገዱን ያውቃልና። ነገር ግን መንገዱን ብቻ ሳይሆን የሽፍታውን እናትም ያውቃል። የሚያሳድደው ሰው የእህቱ ባል፥ የአበልጁ ልጅ፥ ወይም የሚስቱ አጎት ሊሆን ይችላል። ቢገድለው ደም ይገባል፤ ቢተወው ሹመቱንና ጠመንጃውን ያጣል። ስለዚህም ነው በዚያ አገር የብዙ ሽፍታ ጉዳይ በተኩስ ሳይሆን በሽምግልና፥ በካህናት አማላጅነት፥ ምሕረት ተለምኖ የሚያልቀው። አስታራቂው ወደ ዱር የሚልከው መልእክተኛም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ወገን ዝምድና ያለው አማች ነበር።

«ዘመድ ከዘመዱ፥ አህያ ከአመዱ» የሚለውን ተረት መንግሥትም ያውቀዋል። ስለዚህ ዝምድናው ሽፍታውን ለማኖር እንደሚያገለግል ሁሉ ለመያዝም ሲያገለግል ኖሯል። እናት ወይም ሚስት ታስራ ሽፍታው እጁን እንዲሰጥ ማድረግ፥ በወንድሙ ቤት ጭፍራ አስፍሮ ማስመረር፥ ከብት መንዳት የተለመዱ ዘዴዎች ነበሩ። ሴቲቱ ምን አጠፋች ተብሎ አይጠየቅም፤ የጥፋቷ ስም ዝምድና ነው። በዚህ ረገድ ዘመናዊው ሕግ ያመጣውን ለውጥ መጥቀስ ተገቢ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ፥ በሥጋ፥ በጋብቻ ወይም በጽኑ ወዳጅነት የተሳሰረውን ወንጀለኛ ያልጠቆመ ወይም የሸሸገ ሰው ሲከሰስ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን በሰፊው ሊያቀልለት እንደሚችል ይደነግጋል። ጥንት ዝምድና የሚያሳስር ምክንያት ነበር፤ በሕጉ ግን ቅጣት የሚያቀል ምክንያት ሆኗል።

በደጋው መንደር እንዲህ በትንሹ የሚታየው ነገር በመሳፍንቱ ዘንድ የመንግሥት ፖለቲካ ነበር። በዘመነ መሳፍንት ገዥው መደብ ያልቻለውን ሽፍታ ይድረዋል። የዚህ ዋነኛው ምሳሌ ከላስታ ጋር በስተ ምሥራቅ የሚዋሰነው የየጁ ቤት ነው። የየጁው ራስ ዓሊ ዓሉላ በደብረ ታቦር ተቀምጦ አገሩን በሚገዛበት ዘመን፥ እናቱ እቴጌ መነን ደምቢያንና ጎንደርን ይዛ ነበር። በቋራ ቆላ የሸፈተው ካሣ ኃይሉ የዚህን ቤት ሠራዊት ደጋግሞ ስላስቸገረ፥ ራስ ዓሊ ልጁን ተዋበችን ዳረለት፤ የቋራንም ግዛት ሰጠው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። አማች የሆነ ሽፍታ አይሸፍትም፤ ቢሸፍትም ሚስቱ ትነግረናለች።

ሁለቱም ሳይሆኑ ቀሩ። ካሣ መልሶ ሸፈተ፤ በ1839 ዓ.ም. የሚስቱን አያት እቴጌ መነንን በጦርነት ማረካት፤ ደምቢያን ከተቀበለ በኋላም ለቀቃት። ስለ ተዋበች ደግሞ የዘመኑ ዘገባና ትውፊት የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ከአባቷ ይልቅ ለባሏ መቆሟ ነው። በፖለቲካ የተጀመረው ጋብቻ ወደ እውነተኛ ፍቅር ተለወጠ። ይህ በመሳፍንቱ ስሌት ውስጥ ያልነበረ ነገር ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ ሽፍታው ሰፈር የላካት ሴት ለሽፍታው ታማኝ ሆነች። ኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ራስ ዓሊ ራሱ በአይሻል ተሸነፈ፤ ሸሽቶም ወደ አባቶቹ አገር ወደ የጁ ገባ። አሸናፊው አማቹ ነበር። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ድል ሆነ፤ ካሣም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

አንባቢው ልብ ብሎ ከሆነ እስከ ደረስጌ ድረስ ካሣን «እሱ» ብዬ፥ ከዚያ በኋላ «እሳቸው» ማለት ጀምሬአለሁ። ይህን ያመጣው የብዕሬ ምርጫ ብቻ አይደለም። በቋንቋችን ሽፍታንና ንጉሥን የሚለየው አንድ ቀን የተደረገ ጦርነትና አንድ የአክብሮት መነሻ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሽፍትነትን ከሥሩ ያወቁ ንጉሥ ነበሩ፤ ሽፍቶች ሁሉ ወደ አባቶቻቸው ሥራ፥ ገበሬውም ወደ እርሻው፥ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ ማዘዛቸው ይታወቃል። ነገር ግን የነገሡበት መሰላል በእሳቸው ላይ መዞሩ አልቀረም። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ነሐሴ ሞተች። ቀጥለው ያገቡት በእስር የያዙትን የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን ነው፤ የአሳሪና የእስረኛ አማችነት ማለት ነው። የሥጋ ዘመዳቸው ጋረድ ሸፍቶ በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዙን ቆንስል ፕላውዴንን ከጎንደር አጠገብ አቆሰለ፤ ቆንስሉም ሞተ። በ1853 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ጋረድን ሲገጥሙ የልብ ወዳጃቸው ጆን ቤል ወደቀ፤ ጋረድም ተገደለ። የሸዋውን ልጅ ምኒልክን በመቅደላ ይዘው ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት፤ በ1857 ዓ.ም. ሰኔ ምኒልክ በሌሊት ከአምባው ሲያመልጥ ሚስቱን እዚያው ትቷት ሄደ። የአልጣሽን ጧት የሚያስብ ደራሲ ቢገኝ ደስ ይለኛል። አባቷ የሚያሳድደው ሸሽ ባሏ ነው፤ ባሏ የሚሸሸው አሳዳጅ አባቷ ነው፤ እሷ ደግሞ በመካከል በአምባው ላይ ቀርታለች።

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ የዋጉን ገዥ ዋግሹም ገብረ መድኅንን አስገደሉ። የዋግሹሞቹ ቤት የዘር ሐረጉን ከዛግዌ ነገሥታት የሚቆጥር ነው፤ በላሊበላ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሟቹ ልጅ ጎበዜ፥ በእናቱም በኩል የላስታ ባላባት ወገን፥ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ሸፈተ። ዋግንና ላስታን ያዘ፤ ከዚያም ወደ ሰሜንም ወደ ምዕራብም ኃይሉን ዘረጋ። በዚሁ ጊዜ በትግራይ ካሣ ምርጫ የተባለ ሌላ የመስፍን ልጅ ሸፍቶ ነበር። ካሣ ለጥቂት ጊዜ በጎበዜ ሥር ሆነ፤ ኋላም ተለየ። ሁለቱን ሽፍቶች ያገናኘ አንድ ነገር ግን አለ። ጎበዜ የካሣን እህት ድንቅነሽ ምርጫን አግብቶ ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ የወጣው ከትግራይ ተነሥቶ፥ የተከዜን ምንጮች ተሻግሮ፥ በዋድላና በደላንታ በኩል ነበር፤ ጎበዜም ሆነ ካሣ መንገዱን አልዘጉበትም። የተሰጠው ዋጋ ግን እኩል አልነበረም። እንግሊዞች ሲመለሱ ለካሣ 12 መድፎችና ከ700 በላይ ጠመንጃዎች ከነጥይታቸው ተዉለት። እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞቹ ጋር ወደ ሰሜን ስትጓዝ በመንገድ ሞተች፤ ልጇ ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። የሽፍታና የመስፍን ጋብቻ ልጅ፥ የውቤም የልጅ ልጅ፥ በባዕድ አገር በ1872 ዓ.ም. አረፈ።

ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. መጨረሻ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በሕጋዊው በኩል ሁሉ ነገር ለእሳቸው ነበር። ዘውዱ የእሳቸው ነው፤ በጎንደር የፈረሱ አብያተ ክርስቲያናትን ያሳደሱት እሳቸው ናቸው፤ በሰሜን ደግሞ የማይገብር አንድ ሽፍታ አለ፥ እሱም የሚስታቸው ወንድም ነው። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በ1863 ዓ.ም. ክረምት ወደ ትግራይ ዘመቱ። ብዙዎቹ ዘገባዎች የንጉሡን ሠራዊት ወደ 60,000፥ የካሣን ደግሞ ወደ 12,000 ያደርሱታል። ካሣ ግን የናፒየርን መድፍ ይዟል፤ ጭፍራውንም ጆን ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊ አሠልጥኖለታል። ሐምሌ ላይ በዓድዋ አጠገብ በአሳም ሜዳ ተጋጠሙ። ንጉሡ ድል ሆኑ፤ ተማረኩም። በእስር ሳሉም በትግራይ ሞቱ። ጥር 1864 ዓ.ም. ካሣ በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

እዚህ ላይ የአነጋገራችን ሥርዓት ያመጣውን ግራ መጋባት ላሳይ። በአሳም ጧት አንዱን «እሳቸው» ሌላውን «እሱ» ማለት ይገባል፤ በስድስተኛው ወር ደግሞ «እሱ» የነበረው «እሳቸው» ሆነ። ድንቅነሽ በጧቱም በማታውም «እሷ» ናት። የሕግ አስከባሪው ሚስትና የሽፍታው እህት ነበረች፤ ማታ ደግሞ የእስረኛው ሚስትና የአሳሪው እህት ሆነች። እሷ ምንም ሳትሠራ፥ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ፥ ሕግ ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው ጎኗ ተዛወረ። የቴዎድሮስን ሕይወት ለልብ ወለድና ለመድረክ ያበቁ ደራስያን፥ ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ጀምሮ እስከ ብርሃኑ ዘሪሁን፥ አቤ ጉበኛና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ድረስ፥ ብዙዎች ናቸው፤ የላስታዋ እቴጌ ድንቅነሽ ግን ያን ያህል ስሟ አይነሣም። የኪነ ጥበብ ሰዎቻችን ዓይናቸውን ወደዚያ ቢጥሉ ከመቅደላ የማያንስ ነገር ያገኛሉ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በቱርክ አገዛዝ ሥር በነበረችው ግሪክ ተራራ የያዙት ሽፍቶች ክሌፍት ይባሉ ነበር፤ መንግሥቱ እነሱን እንዲጠብቁ የሚቀጥራቸው ባለ ጠመንጃዎች ደግሞ አርማቶሊ። ብዙ ጊዜ አርማቶሊ የሚሆነው ትናንት ክሌፍት የነበረው፥ ደመወዝ ሲቀርበት ደግሞ ተመልሶ ተራራ የሚወጣው ያው ሰው ነበር። የታሪክ ሊቁ ኤሪክ ሆብስባውም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣቸው መጻሕፍት፥ ገበሬው እንደ ጀግና የሚያየውን፥ ከጌታ ቀምቶ ለድኻ የሚሰጠውን ሽፍታ ለይቶ አጥንቷል። ሐሳቡ ብዙ ተከታይ አገኘ። የኢትዮጵያን ታሪክ ያጠናው ዶናልድ ክረሚ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያ ሽፍትነት በአመዛኙ የመሳፍንት ልጆች ወደ ሥልጣን የሚወጡበት መንገድ እንደ ነበር አሳየ። የላስታ ታሪክ ለክረሚ የሚመሰክር ይመስለኛል። ገበሬው ሽፍታውን በዘፈን አወድሶት ይሆናል፤ ነገር ግን በአንድ ክረምት የንጉሡንም ጭፍራ የሽፍታውንም ጭፍራ የሚቀልበው ያው ገበሬ ነበር። ወታደር ደመወዙን የሚበላው ከገበሬው ጎተራ በነበረበት ዘመን፥ ሁለት አማቾች ሲጣሉ የጠቡ ወጪ የሚከፈለው ከሁለቱም ቤት ሳይሆን ከእነሱ ጋር ምንም ዝምድና ከሌለው ሰው ጎተራ ነው። ሲታረቁም ለሠርጉ የሚታረደው ሰንጋ የሚመጣው ከዚያው በረት ነው።

በሃያኛው መቶ ዘመን፥ ስልክና አውሮፕላን ከገባ በኋላ፥ ይህ ነገር ያለቀ የመሰለው ሰው ቢኖር የአንቺምን ጦርነት ያስታውስ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ በሕይወቷ ሁለት ጊዜ የዚህ ዓይነቱ ድልድይ ሆናለች። ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ ከገበሩ በኋላ፥ ስምምነቱ እንዲጸና ዘውዲቱ በ6 ዓመቷ ገደማ ለዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳረች። በዚያው ዘመን የወሎው መሐመድ ዓሊ በቦሩ ሜዳ ሲጠመቅ የክርስትና አባቱ ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ፤ ራስ ሚካኤልም ተባለ። ጋብቻውም ክርስትናውም የሚያገለግሉት አንድ ዓላማ ነበር። አርአያ ከሞተ በኋላ ዘውዲቱ ሌላም ባል አግብታ በመጨረሻ የየጁውን ጉግሣ ወሌን አገባች። ጉግሣ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፥ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ነው። የአሁኑ ጋብቻ ጥሩ ጋብቻ እንደ ነበር ይነገራል።

በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ስትሆን መኳንንቱ ከባሏ እንድትለይ አስገደዷት፤ የንግሥቲቱ ባል ሥልጣን እንዳይዝ ፈርተው ነው። ጉግሣ በጌምድር ተቀመጠ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በራያና በአዘቦ አመፅ ሲነሣ፥ ከሌሎች መኳንንት ጋር ዐመፁን እንዲያበርድ ከታዘዙት አንዱ እሱ ነበር። ሽፍታ እንዲያሳድድ የታዘዘው ራስ በመጨረሻ ራሱ ሸፈተ፤ በሚስቱ ላይ ሳይሆን በአልጋ ወራሹ በንጉሥ ተፈሪ ላይ። ጦሩ ግን የዘመተው በዘውዱ ስም ነው፤ ዘውዱ ደግሞ በዘውዲቱ ራስ ላይ ነበር። የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊቱን ይዞ ወደ በጌምድርና ወሎ ወሰን፥ ከላስታ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደሚገኘው አገር ገሠገሠ። አውሮፕላን በመጀመሪያ ቦምብ ሳይሆን ወረቀት በተነ፤ ጉግሣን የተከተለ ሁሉ በቤተ ክርስቲያን የተወገዘ እንዲሆን የሚያስታውቅ ግዝት ነበር። ብዙ ሰው ከድቶ ሄደ። ቦምቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጉግሣ ወሌ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። መጋቢት 24 ቀን፥ ማለትም በሦስተኛው ቀን፥ ንግሥት ዘውዲቱ በአዲስ አበባ አረፈች። የስኳር በሽታ እንደ ነበረባት ይታወቃል፤ ከዚያ በተጨማሪ የባሏን ሞት መስማቷን ምክንያት የሚያደርጉ አልጠፉም። ሐኪም ያልሆንኩ ሰው በዚህ ላይ አልፈርድም፤ ሁለቱ ቀኖች ግን በሁለት ቀን ልዩነት መጻፋቸው ሐቅ ነው። ዘውዲቱ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከአባቷ ጋር ተቀበረች። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ጉግሣ የወደቀበት ሜዳ ከተወለደበት ከየጁ የጥቂት ቀን የበቅሎ መንገድ ነው።